የቤት ስልኬን ወደ ሞባይል አዞርኩና እናቴን ከሰው አጣላኋት

ባና_ሻጩ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለቤቱ። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባና፣ በርኖስና የሱፍ ምንጣፍ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ዕቃው ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ገበያዬ ስልክ ነው። ሞባይል እንዳይመስላችሁ፣ የቤት ስልክ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራውን ያቆመው በዚያ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ያሉት የድሮ ደንበኞች ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። በ1998 ዓ.ም. ቁጥሮች ሲረዝሙ እንኳ አልሰረዙትም፤ የተጨመረውን ከጎኑ ቀጠሉበት። ሞባይሌን ስሰጣቸው «እሺ እሺ» ይላሉ። በዓመቱ ባና ሲያስፈልጋቸው ተመልሰው እዚያው ቤት ይደውላሉ።

ስልኩን የምታነሳው እናቴ ናት። የድምፅ መልዕክት መቀበያ የሚሉት ነገር እኛ ቤት እሷ ናት። መጻፍ አትችልም፤ ግን አንድም ሰው አያመልጣትም። «ያ ሲያወራ የሚያስለው ሰውዬ ደውሎ ነበር። ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር ብሏል» ትለኛለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ዋጋም ተናግራ ትጠብቀኛለች፤ አንዳንዴ ከእኔ ዋጋ ከፍ አድርጋ።

አሁን ወደ ችግሩ። የመዳቡ መስመር ተነስቶ ፋይበር ገባልን። ስልኩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለችው ነጭ ሳጥን ጀርባ ነው የሚሰካው። ኢንተርኔቱም ስልኩም ከእሷ ይወጣል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ በዚህ አላማርርም። የገጠሙት ልጆች «ጥሪ ማዞር አለው፣ ጥሪ ማቆያ አለው፣ የደዋይ ቁጥር ማሳያ አለው፣ ለሦስት ማውራት አለው» አሉኝ። እንዴት እንደሚሠራ ልጠይቅ ስል መኪናቸው ተነስታ ነበር።

በወር አንድ ሁለቴ የበግ ፀጉር ልገዛና ሸማኔዎቹን ለማየት ወደ መንዝ እሄዳለሁ። ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ። ሦስት አራት ቀን እቆያለሁ። እናቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለባት፣ ዕድር አለባት፣ ለቅሶ አለባት። በዚያ መሀል የሚደወለው ሁሉ ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥሪውን ወደ ሞባይሌ ላዙረው ብዬ አሰብኩ።

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። «ይዞራል?» አልኩ። «ይዞራል» አሉና አዞሩት። መንዝ ሄድኩ።

የቤቱ ስልክ ጭራሽ መጥራት አቆመ! ሁሉም ቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ቁልቁል ስወርድ ኔትወርክ የለኝም። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ሰው አልደወለላትም። ስመለስ መጀመሪያ ያለችኝ «ሰዉን ምን አድርጌው ነው?» ነው። ደብረ ሲና ያለችው አክስቴ በየማታው ትደውልላት ነበር። እናቴ እሷን ተቀይማ ጠበቀችኝ። አክስቴ በበኩሏ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ማስተናገድ አይችሉም» ሲላት አንድ ነገር ሆነው ነው ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ነበር። ለሠርግ ስድስት ባና ሊያዝ የነበረ ሰውም በዚያው ሳምንት አመለጠኝ።

ማዞሩን አስጠፋሁት። ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ስነግራት «እኔማ ቤቴ ባለው የኢንተርኔት ስልክ ኮከብ 72 ብዬ አዞራለሁ፣ በኮከብ 73 አጠፋለሁ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችኝ። ሞከርኩ፤ ቱ ቱ ቱ ብሎ ዘጋኝ። ሌላ ሰው «ኮከብ 21 ኮከብ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ መሰላል» አለኝ። እሱም እምቢ። ኮከቧን ስጫናት ድምፅ እንኳ የላትም።

የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። መጀመሪያ ቤት ይጥራ። እናቴ ካለች ታንሳ። ከሌለች ወደ እኔ ይምጣ። መብራት ሲሄድም (ሳጥኗ አብራ ነው የምትሞተው) ወደ እኔ ይምጣ። ይቻላል? ሂሳቡስ በማን ነው? ደግሞ እያወራሁ ሌላ ሰው ሲደውል ጢው ጢው የሚል ይሰማኛል። እንዴት ነው የማነሳው? አንዴ መቀመጫውን ነካ አድርጌ የመጀመሪያውን ሰው ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የጠባሴው

ወንድሜ፣ የእናትህን ሳነብ ስቄ ስቄ፣ መጨረሻ ላይ አዘንኩ። እዚሁ ጠባሴ ነኝ። የስልክ ድርጅት ሰው አይደለሁም፤ ለመሥሪያ ቤቶችና ለሆቴሎች ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ያንተ ዓይነት ሳጥን በየቀኑ በእጄ ያልፋል።

ከቀላሉ ልጀምር። ስልክህን ገልብጠው። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ትንሽ ማንሸራተቻ ታገኛለህ፤ በአንድ በኩል ፒ፣ በሌላ በኩል ቲ የሚል የፈረንጅ ፊደል አለባት። ፒ ላይ ናት ብዬ እወራረዳለሁ። ፒ ማለት የድሮው፣ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወለው ስልክ አሠራር ነው። 5 ስትጫን መስመሩን አምስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርገዋል። ኮከብና መሰላል ስንት ጊዜ ይቆረጡ? ለእነሱ ቆረጣ የላቸውም። በብዙ ስልኮች ፒ ላይ ሆነህ ኮከብ ስትጫን ስልኩ ወደ ቲ ይቀየራል እንጂ ኮከቧን ለማንም አይልካትም። ቲ ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷን ድምፅ ትልካለች፣ ኮከቧም ጭምር። መጀመሪያ እሷን አስተካክል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ የእህትህ ኮከብ 72 የሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ልክ ናት፤ እዚህ ያለው ማዞሪያ ግን ያንን ቋንቋ አይሰማም። 21 የሚለው ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ከአውሮፓ የመጣ። ሞባይሎቻችንም የሚሠሩት በእሱ ነው።

አሁን ዋናው። አንተ «አዙሩልኝ» አልክ፣ እነሱም አዞሩልህ። ጥፋቱ የማንም አይደለም ልልህ ነበር፤ ግን «የትኛውን ዓይነት?» ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። ጥሪ ማዞር አንድ ነገር አይደለም። 21 ሁሉንም ነው፤ ቤትህ ጭራሽ አይጠራም። እናትህን ያስቀየማት እሱ ነው። 67 መስመሩ ሲያዝ ብቻ ነው። 61 ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር ነው። 62 ደግሞ ስልኩ ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን ነው። አንተ የምትፈልገው 61 እና 62ን ነው። 21ን እርሳው።

በሞባይል ከሆነ በሁለት ኮከብ ትጀምራለህ፦ ኮከብ ኮከብ 61 ኮከብ፣ የሚዞርበት ቁጥር፣ መሰላል። በመስመር ስልክ ግን በተለምዶ አንድ ኮከብ ይበቃል፦ ኮከብ 61 ኮከብ፣ ቁጥሩ፣ መሰላል። ለማጥፋት መሰላል 61 መሰላል። ይህ የሚሠራው ማዞሪያ ጣቢያው ላይ ለቁጥርህ ተከፍቶ ከሆነ ነው። ስለዚህ መልሰህ ደውልና እንዲህ በል፦ «ሳይነሳ ሲቀር ብቻ ይዙር። ሳጥኑ ሲጠፋም ይዙር። ሁሉንም አታዙሩ።» ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር በል፤ ሁለተኛው ሲነገር ዝም ካሉ ድገምላቸው።

የመብራቱን ነገር ለምን እንደነጠልኩት ልንገርህ። የድሮው መዳብ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከጣቢያው ነበር፣ 48 ቮልት፣ በትላልቅ ባትሪ። ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ስልኩ የሚሠራው። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሳጥንህ ከቤትህ ሶኬት ነው የምትበላው። መብራት ሲሄድ ስልክህም ይሄዳል።

አሁን ጥያቄው ጥሪውን የሚያዞረው ማነው ነው። ማዞሩ የተሞላው ሳጥኗ ውስጥ ከሆነ፣ ሳጥኗ ስትሞት ማዞሩም ይሞታል። ጣቢያው ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ ግን ቤትህ ቢጨልምም «ይህ ቁጥር የለም፣ ወደ ሞባይሉ» ብሎ ያሳልፈዋል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ የሳጥኗ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቶ ይሞላል። መብራት የሄደ ቀን ነው የሚገባው። አንተ ጣቢያው ላይ አስደርገው።

ከቻልክ ደግሞ ለሳጥኗ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆያትን) ግዛላት፣ ለራውተር የሚሆነውን። አብዛኞቹ ሳጥኖች 12 ቮልት ናቸው፤ ግን ከመግዛትህ በፊት መሰኪያዋ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከጣቢያው እስከ ቤት ያለው ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ በመሀል ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ፣ ሳጥኗ ከበራች ስልኩ ይሠራል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ደዋዩ እስከ ቤትህ ያለውን ይከፍላል። ከቤትህ እስከ ሞባይልህ ያለው ያንተ ነው። እሱ ቤት የደወለ ነው የሚመስለው፤ አንተ መሐል ሜዳ ተቀምጠህ እየከፈልክ ነው። ወሬ የሚያበዛ ደንበኛ ካለህ «መልሼ ልደውልልህ» በለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሞባይልህን መልሰህ ወደ ቤት እንዳታዞረው። ጥሪው ከቤት ወደ ሞባይል፣ ከሞባይል ወደ ቤት እየተወረወረ ማንም ጋ አይደርስም።

ጢው ጢው የሚለው ጥሪ ማቆያ ነው። ስልክህ ላይ ፍላሽ ወይም አር የሚል ቁልፍ አለ? እሱን ተጫንና 2 በል። የመጀመሪያው ሰው ይቆይልሃል፣ ሁለተኛው ይገባል። መልሰህ አር እና 2 ስትል ወደ መጀመሪያው ትመለሳለህ። አር እና 3 ሦስታችሁን ያገናኛል፣ ከተከፈተልህ። ቁልፉ ከሌለ መቀመጫዋን በጣትህ ነካ አድርገህ ወዲያው ልቀቃት፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ። አንተ ስለቆየህባት ነው የተዘጋው።

እሙ_ደብረሲና (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የአክስትህን ነጠላ ማዘቅዘቅ ሳነብ የእኔ እናት መሰለችኝ። እኛም የደብረ ሲና ነን።

እህትህ ያለችህ ለእኛ ልክ ነው። እዚህ ብዙዎቹ የቤት ኢንተርኔት ስልኮች ከድሮው መስመር የወረሱት ኮድ አላቸው። 72 ማዞር፣ 73 ማጥፋት። 69 መጨረሻ ለደወለው መልሶ መደወል። 67 ለአንድ ጥሪ ቁጥርን መደበቅ። 70 ለአንድ ጥሪ ማቆያውን ማጥፋት። ሁሉም በኮከብ ይጀምራሉ።

እኔን የጎዳኝ ግን 77 ነው። ቁጥሩን ደብቆ የሚደውልን ሁሉ ይመልስልሃል። ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ሲያሰለቹኝ ከፈትኩት። አረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ እናቴ ከደብረ ሲና ስትደውል ቁጥሯ አንዳንዴ እዚህ ሳይታይ ይደርሳል! የእኔ መስመር «ማንነትህን ግለጽ» ብሎ በእንግሊዝኛ እየመለሳት ነበር። እሷ ደግሞ ልጄ ስልኳን ለፈረንጅ ሰጠችው ብላ ለጎረቤት ታወራለች። በኮከብ 87 አጠፋሁት። ማስታወቂያውን ችዬ እኖራለሁ።

ሌላው የሰዓቱ ጣጣ ነው። አገር ቤት ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ በሙቀቱ ወራት ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ በብርዱ ማታ 5። እናቴ ከኪዳን ስትመለስ ነው የምትደውለው። ስለዚህ «አትረብሹኝ» የሚለውን ማታ ማታ ከፍቼ የእሷን ቁጥር ብቻ አሳልፋለሁ። ቁጥሯ ሳይታይ ከደረሰ ግን አያሳልፋትም። ያኔ ወንድሜ ሞባይል ላይ ሚስኮል ታደርጋለች። እሱ ይቀሰቅሰኛል።

ለእህትህ አንድ ነገር ንገራት። ቤት ከቀየረች የኢንተርኔት ስልኳ ላይ አድራሻዋን ትቀይር። 911 ስትደውል የሚመጡት እዚያ ወደተመዘገበው አድራሻ ነው፤ ሳጥኗን ይዛ መሄዷን አያውቁም።

ጋሽ_ጣርማበር

ልጆች፣ እናንተ ኮከብና መሰላል ትላላችሁ። እኛ ዘንድ ጥሪ የምታዞረው ሰው ነበረች። ደብረ ሲና ቴሌ ቤት ገብቼ ስም አስመዝግቤ አግዳሚው ላይ ቁጭ። «አዲስ አበባ የጠየቁ!» ስትል ተንደርድሮ መግባት ነው። ቤቱ ስልክ የሌለውን ሰው መልዕክተኛ ልካ ታስጠራለች። አንዴ ደብረ ብርሃን ላለ ነጋዴ ልደውል ስል «አይድከሙ፣ ዛሬ የሉም፣ ጠዋት ሲያልፉ አይቻለሁ» አለችኝ። ይኸው 61 ይሉሃል እሱ ነው።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው አንዱ ደውሎ «ጋሼ፣ ሽልማት ደርስዎታል፤ ለማረጋገጥ ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ ብለው ይህን ቁጥር ይጫኑ» አለኝ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ባትኖር ተጭኜው ነበር። የጠባሴው ልጅ እንዳለው 21 ሁሉንም ጥሪ የሚሰጥ ነው። ብጫነው ኖሮ ባንኩ በስልክ የሚነግረኝ ማረጋገጫ ሁሉ ለዚያ ሌባ ይደርስ ነበር። የተዞረ ነገር እንዳለ ለማየት ሞባይል ላይ ኮከብ መሰላል 21 መሰላል ብላችሁ ደውሉ። ሁሉንም ለማጥፋት መሰላል መሰላል 002 መሰላል። የልጅ ልጄ ከካሌንደሩ ሥር ጽፋ ለጥፋልኛለች።

ባና ሻጩ፣ በርኖስ ስንት ነው ዘንድሮ? የእኔ ብል በልቶታል።

ባና_ሻጩ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሳምንቴ ተመልሻለሁ።

የጠባሴው፣ ውርርዱን በልተሃል። ፒ ላይ ነበረች። ማንሸራተቻዋ በአቧራ ተሞልታ በመርፌ ጫፍ ነው ያላቀቅኳት። ቲ ሳደርጋት ኮከቧ ዘፈነች።

ከዚያ ደወልኩና ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ከወረቀት ላይ አነበብኩላቸው። ልጅቷ «ጌታዬ፣ ቆይ ልጻፈው» አለችኝ። 61ን አደረገችልኝ። የሳጥኑን ለማድረግ አንድ ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ ግን ጣቢያው ላይ ነው የተደረገው። ነቅዬ ሞክሬዋለሁ።

ትልቁ ሥራ የነበረው ሰከንዱ ነው። «ከስንት ሰከንድ በኋላ ይዙር?» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ 15 ልል ነበር። ከዚያ እናቴን ጓዳ አስቀምጬ ከሞባይሌ ወደ ቤት ደወልኩ፣ ሰዓቴን ይዤ። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ድስቱን ከእሳት አወረደች (ስልክ ይጠራል፣ ድስቱ ይቀድማል)። እጇን ጠረገች። 24 ሰከንድ። በ15 ቢሆን ኖሮ ልታነሳ ስትል ከእጇ ይነጠቅ ነበር፣ ሁለተኛ ቅያሜ። ስለዚህ 30 አስባልኩት። አምስት ስድስት ጊዜ ይጠራል። ደዋዩ ትንሽ ይጠብቃል፤ የእናቴ ደንበኞች ደግሞ መጠበቅ ያውቃሉ።

የማቆያውን ነገር አር እና 2 ብዬ ሞክሬ ሠርቶልኛል። ለሦስት ማውራቱ አልተከፈተልኝም፣ አልፈለግኩትምም። ዩፒኤስ ገና ነው፣ ከበዓል በኋላ። አክስቴን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እናቴና እሷ ግን ማን ቀድሞ እንደሚደውል ገና እየተጠባበቁ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሞላሌ ሸማኔ ቤት ተቀምጬ ሞባይሌ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ደንበኛ ነው ብዬ ድምፄን አስተካክዬ «ሀሎ፣ ባና ቤት» አልኩ።

«አለሁ!» አለች እናቴ።

የጎረቤቱን ልጅ በሞባይሉ ወደ ቤታችን አስደውላ፣ ስልኩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታነሳ ስትቆጥርለት ነበር። ስድስት ጠርቶ ዝም ሲል የልጁን ሞባይል ተቀብላ እኔን አገኘችኝ። «ሠርቷል» አለችኝ። «በል ፀጉሩን አይተህ ግዛ፣ ያለፈው እርጥብ ነበር።»

ጋሽ ጣርማበር፣ የበርኖሱን ዋጋ የቤቱ ላይ ይደውሉ። እሷ ትነግርዎታለች።